የሚጠጣ ውሃ ሁሉ ለባህር ዓሣ አይሆንም፦ ለጨው ውሃ አኳሪየም ውሃ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጦ የባህር ዓሣ ማርባት ይቻላል። ሳሎኔ ውስጥ 100 ሊትር የምትይዝ አኳሪየም አለች፤ ሁለት ክላውንፊሽና ሦስት ሽሪምፕ ይኖሩባታል። ዓሣው ከሩቅ ነው የመጣው፣ ጨዉም በሰው ሻንጣ ነው የሚመጣው። እዚሁ የሚገኘው ውሃው ብቻ ነው። ሰው በብዛት የሚሳሳተውም ውሃው ላይ ነው።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ያዙልኝ። ለአኳሪየም ተብሎ የሚሠራው የባህር ጨው ካልሲየሙንም፣ ማግኒዥየሙንም፣ ሌላውንም ማዕድን በልክ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ውሃው ራሱ ምንም ይዞ መምጣት የለበትም። የምንፈልገው ባዶ ውሃ ነው።

«የምንጠጣው ውሃ ለዓሣ ምን አነሰው?» የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፤ እኔም የጀመርኩት በታሸገ ውሃ ነው። ጠርሙሱን አገላብጣችሁ አንብቡት። ካልሲየም፣ ሶዲየም፣ ናይትሬት እያለ ይዘረዝራል። ለእኛ ጥሩ ነው። አንዳንድ ፋብሪካ እንዲያውም ውሃውን አጣርቶ ሲጨርስ ለጣዕም ብሎ ማዕድን መልሶ ይጨምርበታል። አኳሪየም ውስጥ ግን ናይትሬትና ፎስፌት የአልጌ ቀለብ ናቸው።

«ከተራራ የሚወርድ ምንጭ ነው፣ ከዚህ በላይ ንጹህ የት ይገኛል» የሚለው ደግሞ የእኛ አገር ሰው ስህተት ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ከሥሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውሃ በዚያ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ሲያልፍ ሲሊካ ይዞ ይወጣል። ዲያቶም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ደግሞ ቅርፊታቸውን የሚሠሩት በሲሊካ ነው። መስታወቱ ላይ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ይለጠፍብኝ ነበር። ማታ በስፖንጅ እጠርገዋለሁ፣ በሦስተኛው ቀን አሸዋው ላይ ሳይቀር ተነጥፎ አገኘዋለሁ። መብራት ቀነስኩ፣ ምግብ ቀነስኩ፣ ወይ ፍንክች! የለቀቀኝ ውሃውን ስቀይር ነው። አዲስ አኳሪየም ላይ ትንሽ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ወራት አልፎ እየባሰ ከሄደ ግን ውሃችሁን ጠርጥሩ።

ማፍላትም መፍትሔ አይደለም። እኛ ጋ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ጀርሙ ይሞታል፣ ክሎሪኑም ይተናል። ማዕድኑ ግን አብሮ አይተንም። ወጥ ሲመጥ ጨው እንደሚበዛበት ሁሉ ውሃውም እየተነነ ሲሄድ የቀረው ይከብዳል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ነገር እዩት፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የዝናብ ውሃ? ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ከሆነ ተዉት። ቆርቆሮው ዚንክ የተቀባ ነው፣ አቧራውና የወፍ ኩሱም አለበት።

የቤት ማጣሪያም እንዲሁ ነው፤ ብዙዎቹ ደለልና ጀርም እንጂ ውሃው ውስጥ የሟሟውን አያስቀሩም። የሚያስፈልጋችሁ አርኦ የሚባለው ማሽን ነው፤ ውሃውን በግፊት ሜምብሬን በሚባል እጅግ ረቂቅ ወንፊት የሚያሳልፍ፣ ከኋላውም ያመለጠውን ማዕድን የሚይዝ ዲአይ የሚባለው ሬዚን ያለው። ስትገዙ ግን በቀን ይህን ያህል ያጣራል የሚለውን ቁጥር እንዳለ አትመኑት። ቁጥሩ የተለካው በ25 ዲግሪ ውሃ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የኛ ቧንቧ ውሃ 15 ዲግሪ እንኳ ቢሆን ምርቱ ሩብ ያህል ወይም ከዚያም በላይ ይወርዳል። ግፊትም ካነሰ ይብሳል፤ ከሮቶ የምትጠቀሙ ከሆነ ትንሽ ፓምፕ ግድ ነው። ሌላው ደግሞ፣ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ለማግኘት ሦስት አራት ሊትር በሌላኛው ቱቦ ይወጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን መድፋት ነውር ነው። ቆሻሻ አይደለም፣ ማዕድኑ ትንሽ የበዛበት የቧንቧ ውሃ ነው። እኛ ቤት ልብስ ይታጠብበታል።

ማሽኑን ገጥሞ መርሳት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን የምትለካ ቲዲኤስ ሜትር ግዙ፣ እስክሪብቶ የምታህል ናት። ከሬዚኑ የወጣው ውሃ 0 ማንበብ አለበት። 1 ወይም 2 ማለት ሲጀምር ሬዚኑን ቀይሩ፣ «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሬዚኑ ሲደክም መጀመሪያ የሚያመልጠው ሲሊካ ነው፣ ሜትሯ ደግሞ ሲሊካን አታይም። ማሽኑ ቆሞ ሲነሳ የሚመጣውን የመጀመሪያ ውሃ ወደ ባልዲ ልቀቁት። ከሜምብሬኑ በፊት ያለውን የከሰል ፊልተርም በጊዜው ቀይሩት፤ ክሎሪን ካመለጠው ሜምብሬኑን ይበላዋል።

ውሃው ሲጎድል በጨው ውሃ መሙላትም ብዙ ዓሣ ገድሏል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በየቀኑ የጎደለውን በባዶ ውሃ ሙሉ። የጨው ውሃ የሚበጠበጠው ውሃ ስትቀይሩ ብቻ ነው፤ በሊትር 35 ግራም ያህል፣ በሌላ ዕቃ፣ ከአንድ ቀን በፊት። የጨው መለኪያው በ25 ዲግሪ 1.025 አካባቢ ሲል ደርሷል።

በመጨረሻ ማስቀመጫው። ዘይት ወይም ሳሙና የነበረበት ጀሪካን አይሆንም። መዳብ ወይም ነሐስ ያለበት ቧንቧና መገጣጠሚያም አይንካው፤ ዓሣው የሚችለው መዳብ ሽሪምፕን ይገድላል። ምንም ያልገባባቸው ሁለት ነጭ ጀሪካኖች ለብቻ ግዙ። አንዱ ላይ «ባዶ»፣ ሌላው ላይ «ጨው» ብላችሁ በማርከር ጻፉ፣ ቤት ላለ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር እንዳይቀዳባቸው ንገሩ።