ጂም ለጀመራችሁ፦ መስታወቱን ተዉት፣ ደብተር ያዙ

ጂም ገብታችሁ በሦስተኛው ሳምንት መስታወት ፊት «ምንም ለውጥ የለም» ለምትሉ፦ እኔም ብያለሁ። ካዛንቺስ አካባቢ የ3 ወር ከፍዬ፣ ያለ እረፍት በየቀኑ ስገባ ከርሜ፣ ትከሻዬን አሞኝ በወሩ ተውኩት። ብሩም ቀረ።

አሁን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል። (ከሥራ በኋላ ካላችሁ የታክሲ ሰልፉ ይበላችኋል፣ እመኑኝ።) በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት የሚጨምረው በአብዛኛው ነርቭ ጡንቻን ማዘዝ ስለሚለምድ ነው። በዓይን የሚታየው ጡንቻ ዘግይቶ፣ በወራት ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ደብተር የምላችሁ። የኔዋ ላብ ጫፏን ያጨማደዳት ትንሽ ደብተር ናት፦ «ስኳት 40 ኪሎ፣ 8፣ 8፣ 7» (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ በሦስት ዙር ስንት ስንት ጊዜ እንደሠራሁ)። ሦስቱም ዙር 10 ሲሞላ 2 ኪሎ ተኩል እጨምራለሁ፤ ካልሞላ እዚያው ነኝ። አንዳንዴ ለሦስት ሳምንት እዚያው ነኝ።

ፕሮቲን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 1.6 ግራም ገደማ ይበቃል። በጾም ፉል፣ ምስርና ሽሮ ጠንከር አድርጎ መብላት ነው፤ ውድ የዱቄት ፕሮቲን ግዴታ አይደለም።

ለጂም የሚከፈል ከሌለ የመስቀል አደባባይ ደረጃ አለላችሁ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ። አንድ ቀን ካመለጣችሁ ደግሞ ለማካካስ ብላችሁ በማግስቱ እጥፍ አትሥሩ፤ የኔ ትከሻ የሄደው እረፍት ስለነሳሁት ነው።