ቦርጭ ሲቀንስ ከሚዛን፣ ከመስታወትና ከሰው አፍ ጋር እንዴት ይዘለቃል?

ቀበቶዬ ላይ ዘጠኝ ቀዳዳ አለ። አምስቱ ስገዛው የነበሩ ናቸው። አራቱን በወስፌ የበሳልኝ ቢሮዬ በር ላይ የሚቀመጠው ሊስትሮ ነው። ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ ዘጠነኛዋ ላይ ለመድረስ አሥራ አንድ ወር ፈጅቶብኛል፤ ከ96 ኪሎ 79 ገባሁ።

ስጀምር የሚከብደኝ ምግቡ መስሎኝ ነበር። ከብዶኛልም። ሁለት ጊዜ ያስቆመኝ ግን ረሃብ አይደለም። አንዴ ሚዛን ነው፣ አንዴ እናቴ ናት። ስለ ጎመንና ስለ ሩጫ የሚነግራችሁ ሰው ስለማታጡ እኔ እነዚህ ሁለቱ ላይ ቆየት እላለሁ።

1. መነሻችሁን እወቁ

ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ግፊትና ስኳር ተለኩ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ እንዳትጀምሩ፤ ኪሎ ሲቀንስ የመድኃኒቱም መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ ይሄን ጽሑፍ ለሌላ ጊዜ ታቆየው።

ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር ግዙ። ርካሽ ነው፤ ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ የጠቀመኝም እሱ ብቻ ነው። በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት መሃል፣ ትንፋሻችሁን አስወጥታችሁ፣ ሆዳችሁን ሳትስቡ ለኩ። ወንድ ከሆናችሁ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ሴት ከሆናችሁ ከ80 ሲያልፍ ለልብና ለስኳር በሽታ መጋለጥ ይጨምራል። 102 እና 88 ካለፈ ነገሩ ጠንከር ይላል። እኔ 114 ነበርኩ። ቁጥሩን ጻፉና ሜትሩን መሳቢያ ውስጥ ክተቱት። ወር ሳይሞላው አይወጣም።

2. ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ ብቻ ውጡ

መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ቤቴ እመዘናለሁ። ማታ ስመለስ ደግሞ መገናኛ አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጥ ልጅ አለ፣ እሱም ጋ እመዘናለሁ። ከነጫማዬ፣ ከነቁልፌ፣ ምሳ በልቼ፣ ዘመም ያለ የእግረኛ መንገድ ላይ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ያነብና እንደ ዳኛ ይነግረኛል። ጨምሬ ከሆነ እራት አልበላም። ቀንሼ ከሆነ ደግሞ «ይገባኛል» ብዬ እበላለሁ። ሁለቱም መንገድ የሚወስደው ወደ ገደል ነው።

ጉዱ የፈላው በፋሲካ ነው። ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾሜ፣ አራት ኪሎ ቀንሼ፣ ደረቴን ነፍቼ በዓሉ ደረሰ። እሁድ ዶሮ ወጥ፣ ማታ ቁርጥ፣ ሰኞ የተረፈው። ማክሰኞ ጠዋት ሚዛኑ 2 ኪሎ ተኩል ጨምሯል አለኝ። ሁለት ወር ለፍቼ በሁለት ቀን ቀልጦ ቀረ ብዬ ተውኩት። አምስት ሳምንት ሙሉ ያገኘሁትን በላሁ። ያኔ ነው እውነተኛው ውፍረት የመጣው።

ያኔ ያልገባኝን ልንገራችሁ። አንድ ኪሎ ስብ ውስጥ ወደ 7 ሺህ 700 ካሎሪ አለ። በሁለት ቀን 2 ኪሎ ተኩል ስብ ለመጨመር፣ ሰውነቴ ከሚያስፈልገው በላይ 19 ሺህ ካሎሪ ገደማ መዋጥ ነበረብኝ። በጉን ከነቆዳው ብበላው እንኳ እንጃ። የጨመረው ውሃ ነው። ጨው ውሃ ይይዛል። እንጀራና ዳቦ ስንበላ ሰውነት ከፊሉን ስኳር ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ አንድ ግራም ሲያስቀምጥ ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይገባል። አንጀት ውስጥ ገና ያልወጣው ምግብም ራሱ ይመዝናል። ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሲቃረብ ምንም ሳይበሉ ሚዛኑ ከፍ ሊልባቸው ይችላል። ይሄ ሁሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ይወርዳል፣ ሰው ካልተናደደ።

ስለዚህ ቀን ምረጡ። የእኔ ዓርብ ነው። ጠዋት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምንም ሳይቀመስ፣ ያው ሚዛን፣ ያው ወለል ላይ። ቁጥሩን ጽፋችሁ ውረዱ። የአንዱን ዓርብ ከሌላው አታወዳድሩ፤ የዚህን ወር ካለፈው ወር አስተያዩ። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከወረደ እሰየው ነው።

3 እና 4. ምግቡና እንቅስቃሴው

እነዚህን አብረን እንለፋቸው። መጀመሪያ ስኳር። በቀን አራት ሻይ፣ በየሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር ማለት ወደ 190 ካሎሪ ነው፣ ሳይታኘክ የገባ። ቀጥሎ ዘይት። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ጾም ነው ብላችሁ ሽሮው ላይ ስታንቆረቁሩት አስታውሱት። እንቅስቃሴ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። እኔ ከቢሮ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ እየወረድኩ ነው የሞላሁት። ጂም ሦስት ወር ከፍዬ አራት ቀን ሄጃለሁ፤ ስለ ጂም አስተያየት የመስጠት መብት የለኝም።

ስለ አቋራጭ ግን አለኝ። በቴሌግራም የሚሸጠውን «ቦርጭ አጥፊ ሻይ» ገዝቼ በዘጠኝ ቀን አራት ኪሎ ቀንሻለሁ። ዘጠኙንም ቀን ከመጸዳጃ ቤት ብዙ አልራቅኩም። ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ሻዮች ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው፤ የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። አራቱም ኪሎ በሳምንት ተመለሰ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ በእፍኝ ይቀር ጀመር። ሰውነት ድንገት ሲራብ ፀጉር ከወራት በኋላ ነው የሚረግፈው፤ ለዚያ ነው ብዙ ሰው ከሻዩ ጋር የማያገናኘው። ወገብ ላይ የሚጠመጠመው ላስቲክ ቀበቶም ያው ነው። ያልባችኋል፣ በቃ።

5. መስታወቱን ለጊዜው አትመኑት

ዘጠኝ ኪሎ ቀንሼ እንኳ መስታወት ውስጥ የማየው የድሮውን ሰውዬ ነበር። በጠባብ በር ጎኔን ሰጥቼ እገባለሁ። መርካቶ ሄጄ ድንኳን የሚያህል ሸሚዝ ገዝቼ መጥቻለሁ፤ ሻጩ «ለማን ነው?» ብሎኛል። ሰውነት ሲቀንስ ዓይን ወዲያው አይከተለውም። በየቀኑ የምታዩት ነገር ሲለወጥ አይታያችሁም፣ ልጃችሁ ሲያድግ እንደማይታያችሁ።

የእኔ ስህተት ይሄን ለማስተካከል ስልኬ ላይ የአንድ ጡንቸኛ ሰው ፎቶ መለጠፌ ነው። ያበረታታኛል ብዬ ነበር። በቀን መቶ ጊዜ ስልክ በከፈትኩ ቁጥር መቶ ጊዜ ከሱ ጋር ተለካክቼ ተሸነፍኩ። አጥፍቼው የራሴን የ96 ኪሎ ፎቶ አስቀመጥኩ። እሱም ራሴን ወደ መጥላት ሲወስደኝ የልጄን ፎቶ መለስኩ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። በወር አንዴ፣ አንድ ግድግዳ ጋ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ያው ካናቴራ ለብሳችሁ ፎቶ ተነሱ። በሦስተኛው ወር መጀመሪያና መጨረሻውን ጎን ለጎን እዩ፤ ከዚያ በፊት አትክፈቱት። ሁለተኛ፣ አሁን ልክ የሚሆን አንድ ደህና ልብስ ግዙ። «ስቀንስ እለብሰዋለሁ» ብሎ ጠባብ ሱፍ መስቀል፣ ቁም ሳጥን በተከፈተ ቁጥር ስድብ መስማት ነው። ሦስተኛ፣ ከመስታወት ውጭ ምስክር ፈልጉ። ለእኔ ታክሲ ነው። ወያላው ትርፍ ሰው ሲጭን እኔ ያለሁበትን ወንበር አይቶ ያልፍ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ ጠጋ በል» ብሎ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ሸጎጠ። ሌላው ተሳፋሪ ሲያጉረመርም እኔ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ሆዴ ላይ ላላ ያለ ቆዳ ቀርቷል። ቅባቱም ላስቲኩም አላጠበቀውም። ሸሚዝ ይሸፍነዋል።

6. ለሰው አፍ መልስ አዘጋጁ

ዋናው እዚህ ነው። እኛ አገር የወፈረ ሰው «ተመችቶሃል፣ ፊትህ ሞላ» ይባላል። የቀነሰ ሰው ግን «ምነው ከሳህ? ደህና አይደለህም እንዴ?» ነው ሰላምታው። አሁን አሁን «ቀነስኩ» የሚለው ቃል ለምደነዋል፤ እናቶቻችን ግን የሚያውቁት «ከሳ» የሚለውን ነው፣ «ከሳ» ደግሞ የበሽታ ቃል ነው። ምክንያትም አላቸው። ነጻ የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መሰጠት ከመጀመሩ በፊት በየሰፈሩ መጀመሪያ የከሳ፣ ከዚያ ቤት የዋለ፣ ከዚያ የተቀበረ ሰው ነበር። ያን ያየ ሰው የተጎደጎደ ጉንጭ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ሰባት ኪሎ ቀንሼ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ሄድኩ። በሩን ከፍታ ሁለት ጉንጬን ያዘች። «ልጄን ምን በላብኝ?» አለችና ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጎረቤት ተጠራ። አንዷ ጠበል አለች፣ አንዷ ሚስቴን ጠረጠረች። ጠዋት በቅቤ የሰመጠ ገንፎ ቀረበ። «እምዬ፣ ሆን ብዬ ነው የቀነስኩት» ስላት ይብስ አለቀሰች፤ ሆን ብሎ የሚራብ ልጅ አልወለደችም። ሦስት ቀን ሙሉ በላሁ። አዲስ አበባ ተመልሼም መብላቴን ቀጠልኩ። እናቴን ያስለቀሰ ነገር ደግ ሊሆን አይችልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ስህተቱ የእኔ ነበር። ሳልነግራት ሄድኩ። በሚቀጥለው ግን አስቀድሜ ደወልኩና «ግፊቴ ስለጨመረ ሐኪም ቀንስ ብሎ አዞኛል» አልኳት። እውነትም ነው። «ሐኪም» የሚለው ቃል ተአምር ይሠራል። «ዳየት» የሞኝ ነገር ነው፣ «ሐኪም ያዘዘው» ግን መድኃኒት ነው። ስሄድ ገንፎው ነበረ፤ ቅቤው ግን በትንሽ ስኒ ለብቻው ቀርቧል። «ሐኪሙ ይሄን ያህል አይከለክልም መቼም» አለች።

ስለዚህ፣ የሚወዷችሁ ሰዎች በዓይናቸው ከማየታቸው በፊት በጆሯቸው ይስሙ። የግፊቱን ቁጥር ንገሯቸው። ወርዶ ከሆነ የወረደውንም ንገሯቸው፤ ያኔ ኪሎው ሳይሆን ግፊቱ ነው የሚያስደስታቸው።

ግብዣ ላይ «በሞቴ» ይመጣል። «በሞቴ» ሲባል ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላውቅም። ጉርሻውን ተቀበሉ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ከተባላችሁ ሁለተኛውንም። ከዚያ ግን ሳህናችሁን ባዶ አታድርጉ፤ ባዶ ሳህን ወጥ ይጠራል። ትንሽ አስቀርታችሁ፣ ቀስ እያላችሁ፣ ወሬውን ምሩ። የሚያወራ ሰው ብዙ አይጎረስም።

ቢሮ ላሉት ቀልደኞች አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የእኔ «ኑሮ ተወዶ ነው» የምትል ናት። ይስቃሉ፣ ወሬው ወደ ኑሮ ይዞራል፣ እኔን ይረሱኛል።

ከስድቡ ይልቅ የምፈራው ሙገሳውን ነው። አምስተኛው ወር አካባቢ ሁሉም «አማረብህ» ይላል። ጥሩ ነው፣ ይጥማል። በስምንተኛው ወር ግን ሰዉ ይለምዳችኋል፤ ማንም ምንም አይልም። በሰው ጭብጨባ ሲሄድ የነበረ እዚያ ላይ ነው ቁጭ የሚለው። እኔም ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንድ ነገር ግን። ሳትሞክሩ፣ እንደ ድሮው እየበላችሁ ኪሎ እየወረደ ከሆነ የእናቶቻችን ድንጋጤ ልክ ነው። በስድስት ወይም በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከክብደታችሁ ከመቶ አምስት እጅ በላይ እንዲሁ ከሄደ ተመርመሩ፤ ስኳርም፣ ቲቢም፣ የእንቅርት ዕጢም ሊሆን ይችላል። በልታችሁ ማስመለስ ከጀመራችሁ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ከምግብ ሌላ ማሰብ ካቃታችሁ፣ ያኔም ለሐኪም ንገሩ።

7. ሲቆም

84 ላይ ስድስት ሳምንት ቆምኩ። ምግቡ ያው፣ እርምጃው ያው። የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለውም ያንሳል፤ ስለዚህ ድሮ የቀነሰላችሁ ምግብ አሁን ባላችሁበት ያቆማችኋል። ምግቡን ይብስ ልቆርጥ ነበር። መሳቢያውን ስከፍት ሜትሩን አገኘሁት፤ ወገቤ በዚያው ስድስት ሳምንት ሁለት ሴንቲ ቀንሷል። ምግቡን ተውኩና ከጎረቤቴ ጋር ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃውን መውጣት ጀመርን። እሱ ከቀረ እኔ እሄዳለሁ፣ እኔ ከቀረሁ ሚስቱ ትደውልልኛለች። በሰባተኛው ሳምንት ቁጥሩ ተነቃነቀ።

አሁን ወገቤ 95 ነው፤ ለ94 አንድ ሴንቲ ቀርታኛለች። ባለፈው ሳምንት ሊስትሮው ጋ አሥረኛ ቀዳዳ ላስበሳ ሄጄ ነበር። ቀበቶውን አገላብጦ አየው። ጫፉ ረዝሞ ወገቤን አልፎ ጀርባዬ ጋ ይንጠለጠል ጀምሯል። «ጋሼ፣ ይሄ መበሳት ሳይሆን መቆረጥ ነው ያለበት» አለና በቢላዋ ወደ አንድ ስንዝር ገደማ ቀነሰው። ቁራጩን ልወስድ እጄን ስዘረጋ ሳጥኑ ውስጥ ከተታት። ከኔ ቀጥሎ ተራ ይጠብቅ ለነበረው ሰውዬ ተረከዝ ሆነች።