የአሮጌ ፒክአፕ የፊት መብራትና ፊውዝ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከእንጅባራ ድንች፣ ከቢቸና ጤፍ ጭኖ የሚመላለስ አሮጌ ሃይሉክስ ወደ ቤቱ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከመሸ በኋላ ነው። በመንገዱ ላይ ከገበያ የሚመለስ ገበሬ፣ መብራት የሌለው ጋሪ፣ አህያ የሚነዳ ልጅ አለ። ክረምት ሲገባ በጮቄ ዙሪያ ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ደግሞ አንድ ዓይኑ የጠፋ መኪና ከሩቅ ሞተር ብስክሌት ይመስላል፤ ከፊት የሚመጣው ሾፌርም መንገዱን በዚያው ግምት ይይዛል። ስለዚህ የፊት መብራት ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። በችኮላ የሚነካካም አይደለም፤ በእነዚህ መኪናዎች ላይ የማየው ከባድ ጉዳት አብዛኛው የመጣው ከመጀመሪያው ብልሽት ሳይሆን ከጥገናው ነው።

በተቃጠለው ፊውዝ ቦታ ትልቅ ፊውዝ ወይም ሽቦ ማስገባት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ የ55 ዋት አጭር መብራት 4.6 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የ60 ዋቱ ረጅም መብራት 5 አምፔር። ለአንድ መብራት የተመደበው ቀዩ የ10 አምፔር ፊውዝ እንግዲህ በደህና ጊዜ የሚሸከመው የአቅሙን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። እሱ ከተቃጠለ፣ አዲሱም ወዲያው ከተከተለው፣ አንድ ቦታ ላይ ሽቦ ተልጦ የመኪናውን ብረት ነክቷል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሰማያዊውን 15፣ ቢጫውን 20፣ ይባስ ብሎ አረንጓዴውን 30 አምፔር የሰካ ሰው ብልሽቱን አላጠፋውም። ማስጠንቀቂያውን ብቻ ነው ያጠፋው። የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የጠቀለለበት ደግሞ ከክሩስኮቱ (ከዳሽቦርዱ) ጀርባ ለሚነሳ እሳት በሩን ከፍቷል፤ ቀጥሎ የሚቀልጠው ሽቦው ራሱ ነውና።

የተነካውን ቦታ ለማግኘት ፊውዝ በፊውዝ ላይ ማቃጠል አያስፈልግም። የ21 ዋት የፍሬን መብራት አምፖል ይውሰዱ፤ ከሁለቱ ጫፎቹ ሁለት ሽቦ ያውጡና በፊውዙ ቦታ ይሰኩት። የሁለቱንም የፊት መብራቶች ሶኬት ይንቀሉ፤ ከዚያ ማብሪያውን ያብሩ። አምፖሉ ደምቆ ከበራ ሽቦው ብረት ነክቷል። አሁን የሽቦውን ጥቅል ከፊውዝ ሳጥኑ ጀምረው እስከ መብራቱ ድረስ በእጅዎ ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ የጠፋበት ቦታ የሚፈልጉት ነው። መጀመሪያ የሚታየው በራዲያተሩ ጎንና ከባትሪው ሥር ነው፤ ሽቦው በቆርቆሮ ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ መከላከያ ጎማው ደርቆ ይወድቅና የቆርቆሮው ጠርዝ ልባሱን እየከረከረ ይበላዋል። አስፋልት ላይ ደህና ሆኖ ጠጠር መንገድ ሲገባ ብቻ የሚቃጠል ፊውዝ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ፊውዝን በዓይን ብቻ መፍረድ

በአሮጌ ፊውዝ ላይ ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል። እግሮቹ በእርጥበት አረንጓዴ ሻጋታ ይዘውም ክሩ ደህና ሆኖ ይታያል። በጠፍጣፋው ፊውዝ ጀርባ ላይ ሁለት ጥቃቅን የብረት ነጥቦች አሉ፤ መብራቱን አብርተው የቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መሞከሪያውን) ጫፍ በሁለቱም ላይ ይሞክሩ። በአንዱ ኤሌክትሪክ ኖሮ በሌላው ከሌለ ተቃጥሏል። በሁለቱም ካለ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው።

የሁሉም መኪና ሽቦ በአንድ መንገድ ተዘርግቷል ብሎ ማሰብ

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ጥሩ ባለሙያዎችን ሳይቀር የሚያሳስት ነውና። በብዙ መኪናዎች ማብሪያው የሚያቋርጠው ፖዘቲቩን ሲሆን ከአምፖሉ የሚመለሰው ሽቦ በቀጥታ ከመኪናው አካል፣ ማሳ ከሚባለው ጋር ይገናኛል። በብዙዎቹ የቆዩ ቶዮታዎች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፖዘቲቩ በፊውዙ በኩል አልፎ የአምፖሉን የጋራ እግር ያገኛል፤ አጭሩንና ረጅሙን የሚመርጠው ማብሪያ ደግሞ የሚያገናኘው ወይም የሚያቋርጠው ነጌቲቩን ነው።

ይህን ያላወቀ ሰው አጭሩ መብራት እየበራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ብረት አስነክቶ የሶኬቱን እግሮች ይፈትሻል። የበራው እግር ባዶ፣ ያልበራው ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል። «ማብሪያው ተበላሽቷል» ብሎ ደህናውን ዕቃ ይቀይራል፤ ባለቤቱም ያለ ጥፋቱ ይከፍላል። መለየቱ ቀላል ነው። ሁለቱንም አምፖሎች ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ያብሩ፣ ሦስቱን የሶኬት እግሮች ከብረቱ ጋር ይለኩ። አጭሩም ረጅሙም ሲመረጥ 12 ቮልቱ ከአንድ እግር የማይነቃነቅ ከሆነ መኪናው በነጌቲቭ የሚቋረጥ ነው።

እንዲህ ባለ መኪና ላይ የአንድ በኩል ፊውዝ ሲቃጠል ያ መብራት ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ ፈዞ፣ ቀልቶ ይበራል። ኤሌክትሪኩ ከደህናው መብራት በረጅሙ ክር ዞሮ እየመጣ ነው። አምፖል ከመቀየርዎ በፊት ፊውዙን ይዩ። ረጅሙ ተመርጦ አጭሩም አብሮ የሚበራ ከሆነ ደግሞ ከማብሪያው በፊት የአጭሩን መመለሻ ሽቦ ይመርምሩ፤ አንድ ቦታ ብረት ነክቶ ይሆናል። ይህኛው ፊውዝ አያቃጥልም።

ለጉም ተብሎ ከፓራውልቱ ላይ የሚታሰረው ተጨማሪ መብራትም እዚሁ ላይ ይሳሳታል። የሪሌው፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ መብራቱን የሚያበራው ማብሪያ፣ አንድ እግር ከረጅሙ ሽቦ፣ ሌላው ከብረት ጋር ከታሰረ፣ አጭሩን ሲያበሩ ይበራል፣ ረጅሙን ሲያበሩ ይጠፋል። ሪሌውን የሚቀሰቅሱት ሁለቱ ሽቦዎች መታሰር ያለባቸው ከጋራው ፖዘቲቭና ከረጅሙ ሽቦ ጋር ነው።

የፈዘዘን መብራት በትልቅ አምፖል ማከም

ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲጎድል የአምፖሉ ብርሃን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የፈዘዘው መብራት ምናልባት የሚያስፈልገው የተጸዳ መገናኛ ነው። መብራቱ በርቶ ሳለ መጀመሪያ የባትሪውን ሁለት ጫፎች፣ ከዚያ በሶኬቱ ጀርባ የሚሠሩትን ሁለት እግሮች ይለኩ። ባትሪው 12.4 ሆኖ አምፖሉ የሚያገኘው 11 ከሆነ 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ነጌቲቭ ሳያነሱ ሌላውን ማሳው ከታሰረበት ቡሎን ላይ ያድርጉ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ቡሎኑን ይፍቱ፣ ቀለሙንና ዝገቱን ብረቱ እስኪያበራ ይፋቁ፣ አጥብቀው ያስሩ፣ ግራሶ ይቀቡት። በአዊ ዝናብና ጭቃ የሚውል መኪና ይህን ደጋግሞ ይፈልጋል።

የ100 ዋት አምፖሎች ግን ሁለት ሲሆኑ ከ16 አምፔር በላይ ይስባሉ። ዕድሜ የተጫነው ማብሪያና ሶኬት ይህን አይችልም፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

የቀደመው ባለቤት ያሰረውን ማመን

ብዙ እጅ ባለፈበት መኪና ላይ የሽቦ ቀለም ማስረጃ አይሆንም። ክላክስ ከፊት መብራት ተስቦ፣ የሬዲዮ ሽቦ ከክሩስኮት ሥር ተጠማዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሎ ይገኛል። ናስትሮ በሞተር ሙቀት ሙጫው ይለቃል፣ ውኃም ያስገባል። መገጣጠሚያውን በብየዳ ወይም በትክክለኛ መጭመቂያ ይሥሩት። ከመጀመርዎ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ይንቀሉ። የሃሎጅን አምፖል ብርጭቆም በጣት አይነካም፤ የእጅ ቅባት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ባዶ መኪና ላይ መብራት ማስተካከል

ፒክአፕ ሲጫን ኋላው ይጎብጣል፣ መብራቱ ወደ ላይ ያነጣጥራል። ማስተካከያው የዘወትሩ ጭነት እያለ፣ በደልዳላ ቦታ ላይ ይሁን። መኪናውን ከግድግዳ 10 ሜትር ያርቁ፤ የመብራቱን መሐል ከፍታ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ የአጭሩ ብርሃን የላይ ጠርዝ ከምልክቱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ እስኪል ድረስ ማስተካከያ ቪቴውን ያዙሩ።