ዓርብ ላይ ምን እንይ? የፎርሙላ ዋን አፕግሬድ መሥራት አለመሥራቱን የምናውቅበት ዘዴ

ብዙ ሰው ፎርሙላ ዋንን እሁድ ብቻ ነው የሚያየው። እኔ ግን ዓርብን አላሳልፍም። ቡድኖቹ ፋብሪካ ውስጥ ለወራት ሲያሰሉት የከረሙት አፕግሬድ፣ ማለትም መኪናውን ለማፍጠን የሚገጠም አዲስ ዕቃ፣ እውነት ይሁን አይሁን የሚታየው በዓርብ ልምምድ ነው። ምን ማየት እንዳለበት ለሚያውቅ ሰው እነዚያ ሁለት የ60 ደቂቃ ልምምዶች ከውድድሩ ባልተናነሰ ልብ ይሰቅላሉ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ፌራሪ ከ1972 ጀምሮ ፋብሪካው አጠገብ ፊዮራኖ የሚባል የራሱ ትራክ አለው። አዲስ ክንፍ ከተሠራ እዚያው ወስዶ መሞከር ነበር። ወጪው ከልክ በማለፉ ግን ከ2009 ጀምሮ በውድድር ዘመን መሃል እንደልብ መሞከር ቀረ። አሁን ያለው ኮምፒውተር፣ የንፋስ ዋሻ (የመኪናውን ሞዴል ንፋስ እየነፉ የሚፈትኑበት ክፍል) እና የሾፌር ሲሙሌተር (መኪናውን በስክሪን ላይ የሚነዱበት መሣሪያ) ነው። እነሱም ገደብ አላቸው። ዋሻው ውስጥ የሚገባው ሞዴል ከእውነተኛው መኪና 60 በመቶ መብለጥ አይችልም፣ የንፋሱም ፍጥነት በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር አያልፍም። መኪናው ትራክ ላይ ከ300 በላይ ይሄዳል። በስሌቱና በትራኩ መካከል ክፍተት የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው።

መርሴዲስ በ2022 የደረሰበትን አስታውሱ። በወረቀት ፈጣን የነበረው መኪና ትራክ ላይ ሲወጣ በቀጥታው መንገድ ላይ እየነጠረ ሾፌሮቹን ወገባቸውን አሳመማቸው። ዋሻው ያንን መንጠር አላሳየም ነበር። በዚያ ዓመት ያሸነፉት አንድ ውድድር ብቻ ነው፣ ሾፌሩ ራስል ብራዚል ላይ። ከዚያ በፊት በ2010 ቨርጂን የሚባለው ቡድን የንፋስ ዋሻን ጨርሶ ትቶ መኪናውን በኮምፒውተር ብቻ ነደፈው፤ ዓመቱን ያለ አንድ ነጥብ መጨረሻ ሆኖ ጨረሰ።

ስለዚህ ዓርብ ጠዋት መጀመሪያ የፊያን (ውድድሩን የሚቆጣጠረውን ድርጅት) ዝርዝር አውጡ። ከ2022 ወዲህ ቡድኖች ያመጡትን አዲስ ዕቃ ማሳወቅ አለባቸው፣ ዝርዝሩም ለሁሉም ይወጣል። የትኛው ክፍል እንደተቀየረ ካያችሁ በኋላ ከቡድኑ ሁለት ሾፌሮች የትኛው እንደያዘው አጣሩ። አንዱ ብቻ ከያዘው ደስ ይበላችሁ፣ ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን ማወዳደር ትችላላችሁ። በ2023 ማክላረን ኦስትሪያ ላይ አዲሱን ለኖሪስ ብቻ ሰጠ፤ እሱ 4ኛ ሲወጣ ሌላው ሾፌር ፒያስትሪ በአሮጌው ከነጥብ ውጪ ቀረ። በሚቀጥለው ሳምንት እንግሊዝ ውስጥ ሲልቨርስቶን ላይ ሁለቱም አዲስ ዕቃ ይዘው 2ኛና 4ኛ ወጡ። ሲሙሌሽንና ትራክ ሲገጣጠሙ እንዲህ ነው የሚያምረው።

ልምምዱ ሲጀመር ሰዓቱን እርሱትና መኪናውን እዩ። ከፊት ጎማው ኋላ ትልቅ ፍርግርግ የመሰለ ነገር ተክለው ከወጡ የአየሩን ግፊት እየለኩ ነው። እኔ በጣም የምወደው ግን አረንጓዴውን ቀለም ነው። የሚያበራ ዱቄት ከፓራፊን ዘይት ጋር ቀላቅለው ክንፉን ወይም ወለሉን ይቀቡታል፣ መኪናው አንድ ሁለት ዙር ሄዶ ሲመለስ አየሩ ቀለሙን እየጎተተ ቀጫጭን መስመር ሠርቶበታል። ካሜራው ሲጠጋ መስመሮቹን ተከተሉ። አንድ ላይ ወደ ኋላ ከተሳቡ አየሩ ክፍሉን ይዞ እየሄደ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ከተንዛዙ ወይም ቀለሙ ተጠራቅሞ ከቀረ እዚያ ጋ አየሩ ለቋል። መሐንዲሶቹ ያንን ፎቶ አንስተው ኮምፒውተሩ ከሰጣቸው ሥዕል ጋር ያስተያዩታል።

የአንድ ዙር ፈጣን ሰዓት እንዳያታልላችሁ። ማን ምን ያህል ነዳጅ እንደያዘ አታውቁም። ከዚያ ይልቅ በተመሳሳይ ጎማ ብዙ ዙር ሲሄዱ ጎማው እያለቀ ምን ያህል እየዘገዩ እንደሚሄዱ ተከታተሉ፣ የሾፌሩንም ሬዲዮ አድምጡ። ባለፈው ውድድር ያማረረበትን ነገር ዛሬም ካነሳ አዲሱ ዕቃ ችግሩን አልነካውም።

ማታ እናንተ ስትተኙ ፋብሪካ ውስጥ ሌላ ሾፌር ሲሙሌተር ላይ ይቀመጣል፤ ለሬድ ቡል ይህን ሥራ ለዓመታት የሠራው ቡኤሚ ነው። የቀኑን ዳታ አስገብተው የመኪናውን ማስተካከያዎች ሲቀያይሩ ያድራሉ። እና ቅዳሜ ጠዋት አዲሱ ዕቃ ተነስቶ አሮጌው ተመልሶ ካያችሁት አዲሱ እንዳልሠራ ትልቁ ምልክት እሱ ነው። ብቻ መጀመሪያ ዓርብ ላይ ግጭት እንዳልነበረ አጣሩ፤ መለዋወጫ አልቆም ሊሆን ይችላል።

ሃስ የሚባለው ቡድን በ2019 ሲልቨርስቶን ላይ ያደረገው እስካሁን ያሳዝነኛል። አፕግሬዱ ግራ ስላጋባቸው ለአንዱ ሾፌራቸው ለግሮዣን ዓመቱ ሲጀመር ሜልበርን ላይ የነበረውን መኪና መለሱለት፣ ሌላው ማግኑሰን ደግሞ አዲሱን ያዘ። በጣም ትክክል የሆነ ሙከራ ነበር። እሁድ በመጀመሪያው ዙር ሁለቱ እርስ በርስ ተጋጩና ሁለቱም ሳይጨርሱ ወጡ። የቀራቸው የልምምዱና የማጣሪያው ዳታ ብቻ ነበር።

ስፕሪንት (ከዋናው በተጨማሪ የሚደረግ አጭር ውድድር) ያለበት ሳምንት ከሆነ ልምምዱ አንድ ብቻ ስለሆነ እነዚህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው የምታዩት። በእንዲህ ዓይነት ሳምንት ትልቅ አፕግሬድ ያመጣ ቡድን ካለ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን ብቻ ተከታተሉ።