የላንድክሩዘሬ ሻንሲ ዝገት እንዴት ቆመ

መኪናው ከላቫጆ በወጣ ቁጥር ከሻንሲው (አካሉን ከሚሸከመው የብረት አጽም) ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል። የሲዳማ ቀይ ጭቃ ውስጡ ገብቶ ደርቆ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። ከውጭ ብቻ ቢታጠብ ምን ሊረባ!

ቀዳዳዎቹን በሽቦ ከፈትኩ። የውሃውን ጎማ በአንዱ ጫፍ አስገብቼ፣ በሌላው ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ለቀቅኩት። መጀመሪያ የወጣው ግን የተበጠበጠ በሶ የመሰለ ጭቃ ነው።

የሐዋሳ ፀሐይ በደንብ አደረቀው። የተላላጠውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፍቄ አንቲረስት ቀለም ቀባሁ፤ ውስጡን ፀረ ዝገት ሰም ረጨሁበት። የፍሬን ዲስኩንና የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ቀድሜ በላስቲክ ሸፍኛቸዋለሁ።

አጣቢው «ወንድሜ፣ ናፍጣ ልርጭልህ?» ብሎኝ ነበር። በፍጹም! ናፍጣ ጎሚኒ (በብረቶቹ መሃል ያለውን የጎማ ክፍል) ያሳብጣል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ከታጠበ በኋላ ግራሶ አስሞሉ። ግፊት ያለው ውሃ ክሮቸራው (የሚሽከረከረው ዘንግ መገጣጠሚያ) ውስጥ ይገባል።