የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የጆን አዳምስንና የፈረንሳይን ጠብ በአንድ ክፍለ ጊዜ ለማስተማር

በቱሉ ዲምቱም ሆነ በኮተቤ፣ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ከ1797 አይጀምሩ፤ «ወዳጅ የነበረችው ፈረንሳይ አሜሪካኖችን እንዴት ተጣላቻቸው?» የሚል ጥያቄ ትምህርቱን ያቋርጠዋል። መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ አሜሪካ የተዋዋለቻቸው ሁለት ውሎች ይጻፉ፦ የ1778ቱን ከፈረንሳይ፣ የ1794ቱን ከእንግሊዝ። ዳር ላይ «በፈረንጆች አቆጣጠር» ይበሉበት፤ አለዚያ ዘመኑ ይምታታባቸዋል። ፈረንሳይን ያስቆጣት ሁለተኛው ውል ነው፤ የአሜሪካን የንግድ መርከቦች መያዝ ጀመረች።

ቀጥሎ ሦስት ተማሪዎች፣ ለድርድር ወደ ፈረንሳይ የተላኩትን የአሜሪካ መልእክተኞች ፒንክኒን፣ ማርሻልንና ጌሪን ሆነው ይውጡ። ሌሎች ሦስት የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የታሌይራንድ ደላሎች ሆነው፣ ድርድር ሳይጀመር 50,000 ፓውንድ ጉቦና ትልቅ ብድር ይጠይቋቸው። እዚህ ላይ ጊዜ አይሰስቱ፤ ነገሩ ፍንትው ብሎ የሚታያቸው በዚህ ነው። የአዳምስ መንግሥት በ1798 መልእክተኞቹ ስለዚህ የጻፉትን ሰነድ ይፋ ሲያወጣ የደላሎቹን ስም በኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ ተካው።

ከዚያ በኋላ በሁለቱ አገሮች መካከል የተነሣው የባሕር ውጊያ እስከ 1800 ቢዘልቅም ጦርነት በይፋ አልታወጀም፤ ይህን ያስምሩበት። አዳምስ የገዛ ፓርቲውን ጦር ናፋቂዎች ተቋቁሞ ሰላምን መረጠ፤ የስምምነቱ ዜና ግን ምርጫውን ሊያድንለት አልደረሰም።