ዋይፋዩ የት ገባ? ነጻ ያልሆነ ፈርምዌር በነጻ ሥርዓት ላይ፦ ችግርና መፍትሄ

ሊኑክስ ጫናችሁ። ስክሪኑ ይሠራል፣ ኪቦርዱ ይሠራል፣ ዋይፋዩ ግን የለም። ደካማ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከነጭራሹ ምልክቱም አይታይም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «ሊኑክስ ለኔ ላፕቶፕ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። የሚያሳዝነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው አንድ ፋይል ብቻ መሆኑ ነው።

ያ ፋይል ፈርምዌር ይባላል። ከድራይቨር (ሥርዓቱ ዕቃውን ከሚያዝበት ፕሮግራም) ጋር አታምታቱት። ድራይቨሩ የከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) አካል ሆኖ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይሠራል። ፈርምዌሩ ግን የሚሠራው ዋይፋይ ካርዱ ራሱ ውስጥ ባለችው ትንሽ ፕሮሰሰር ላይ ነው። ብዙ ካርድ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ባዶውን ነው የሚነሳው። ድራይቨሩ ፋይሉን ከዲስክ አንስቶ ካልጫነለት ምንም አያደርግም። ድራይቨሩ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ሶርስ ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) ማንበብም ማሻሻልም ትችላላችሁ። ፈርምዌሩን ግን አምራቹ ያለ ሶርስ ኮድ፣ ተዘግቶ ነው የሚሰጠው። ነጻ ሶፍትዌርን መርህ አድርገው የተነሱ ሥርዓቶች ከዋናው ክፍላቸው የሚያስወጡትም ለዚህ ነው። በመርህ ደረጃ ልክ ናቸው። ጣጣው ለእናንተ ይተርፋል።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። የተዘጋ ፋይል ማስገባት ግድ ከሆነ፣ የትኛውን ፋይል፣ ለየትኛው ዕቃ እንደሆነ አውቃችሁ አስገቡ። ያገኛችሁትን ሁሉ አትጫኑ። ለዚህ ደግሞ መነሻው ሎጉ፣ ከርነሉ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት መዝገብ ነው። (ትዕዛዞቹንና የፓኬጅ ስሞቹን እዚህ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ጻፏቸው።)

በመጀመሪያ ሎጉ ምን ይላል?

ተርሚናል ክፈቱና በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) «ዲሜስግ» የሚለውን ትዕዛዝ ስጡ። ከዚያ «ፈርምዌር» የሚል ቃል ያለባቸውን መስመሮች ፈልጉ። የፋይል ስም ጠርቶ «ፌይልድ ዊዝ ኤረር -2» የሚል መስመር ካገኛችሁ ነገሩ ቀላል ነው። -2 ማለት «ፋይሉን ፈልጌ አጣሁት» ማለት ነው። ዕቃው አልተበላሸም፣ ድራይቨሩም አለ። -110 ከሆነ ግን ሌላ ነው። እሱ «ጠብቄ መልስ አጣሁ» ማለት ስለሆነ ፓኬጅ መጨመር ላይፈታው ይችላል፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

እዚህ ጋ ሰው ብዙ ጊዜውን የሚያባክንበት ነገር አለ። -2 ያለበት መስመር ሁሉ ችግር አይደለም። የኢንቴል ዋይፋይ ድራይቨርን ውሰዱ። ድራይቨሩ የሚያውቀውን የመጨረሻውን የፈርምዌር ቁጥር መጀመሪያ ይጠይቃል። ከሌለ አንድ ቁጥር ዝቅ ብሎ ይጠይቃል፣ እንደገና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሎጉ ላይ ሦስት አራት -2 ተደርድሮ ታያላችሁ። ከሥሩ «ሎድድ ፈርምዌር ቨርዥን» የሚል መስመር ካለ ግን አንዱን አግኝቶ ጭኗል፤ ተዉት። ስሙ ውስጥ «ዮዮ» የሚል ያለበት ፋይልም እዚያው ጠፋ ይባላል። እሱ ለድራይቨር ሠሪዎች መመርመሪያ ነው፤ ባይኖርም ዋይፋዩ ምንም አይሆንም።

ሌላው «ሬጉላቶሪ ዶት ዲቢ» የሚባለው ነው። -2 ተብሎ ሲታይ የተዘጋ ፈርምዌር ይመስላል። አይደለም። የየአገሩን የሬዲዮ ሞገድ ደንብ የያዘ ዝርዝር ነው፤ ነጻም ነው። ዴቢያን (ከሊኑክስ ሥርዓቶች አንዱ) ላይ «ዋይርለስ-ሬግዲቢ» የሚባለውን ፓኬጅ ከዋናው ክፍል፣ ነጻ ፓኬጆች ካሉበት «ሜይን»፣ ጫኑና ጨርሱ።

ችግር፦ ዋይፋይ የለም፣ ሎጉም እውነተኛ -2 ይላል

ምክንያቱ ፋይሉ አለመኖሩ ነው። ቀጥሎ የቺፑን ሠሪ እወቁ። ካርዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ከሆነ «ኤልኤስፒሲአይ»፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ «ኤልኤስዩኤስቢ» ይነግራችኋል። የላፕቶፑን ብራንድ አትመኑ፤ አንድ ሞዴል ውስጥ የተለያየ ሠሪ ካርድ ሊኖር ይችላል።

ዴቢያን ላይ ነገሩ ከ12ኛው ስሪት ወዲህ ቀሏል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው 6ኛው ስሪት የተዘጉትን ፋይሎች ከከርነሉ ለይቶ አስወጣቸው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ፈርምዌር የያዘውን መጫኛ የፈለገ ሰው «ኦፊሴላዊ ያልሆነ» የተባለውን ፈልጎ ማግኘት ነበረበት። በ2022 የዴቢያን አልሚዎች ድምፅ ሰጥተው «ኖን-ፍሪ-ፈርምዌር» የሚባል ራሱን የቻለ ክፍል ፈጠሩ። በሰኔ 2023 የወጣው 12ኛው ስሪት ፋይሎቹን ኦፊሴላዊው መጫኛ ውስጥ ይዟል። መጫኛው ዕቃችሁን አይቶ የሚያስፈልገውን ይጭናል። የማትፈልጉ ከሆነ ሲነሳ ልታስቆሙት ትችላላችሁ።

ይህ አዲስ ክፍል ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ለዋይፋይ ስትሉ «ኖን-ፍሪ» የሚለውን ሙሉ ክፍል መክፈት ነበረባችሁ። እሱን ስትከፍቱ ደግሞ የተዘጉ ድራይቨሮችና ፕሮግራሞች ሁሉ ለመጫን ዝግጁ ሆነው አብረው ይመጣሉ። አሁን በሩ ጠቧል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። የአፕት (የዴቢያን ፓኬጅ ጫኚ) ምንጮች ያሉበትን ፋይል ክፈቱ። «ሜይን» ከሚለው ቃል ጎን «ኖን-ፍሪ-ፈርምዌር» ጨምሩ። «ኖን-ፍሪ» ብቻ የሚለውን ሌላውን ክፍል አትጨምሩ፣ ለዚህ አያስፈልግም። «አፕት አፕዴት» አድርጉ። ከዚያ በቺፑ ሠሪ ስም ጫኑ፦ ለኢንቴል ዋይፋይ «ፈርምዌር-አይደብልዩኤልዋይፋይ»፣ ለሪልቴክ «ፈርምዌር-ሪልቴክ»፣ ለአቴሮስ «ፈርምዌር-አቴሮስ»። ሪስታርት።

ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልጋል የሚለው ጭንቀት መፍትሄ አለው። ስልካችሁን በዩኤስቢ ኬብል ሰኩና ኢንተርኔት ማጋራቱን ከስልኩ ላይ ክፈቱ። ኮምፒውተሩ እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል፤ ምንም ፈርምዌር አይጠይቅም። ስልኩ አንድሮይድ ከሆነና ራሱ ዋይፋይ ላይ ካለ ዳታ እንኳን አይፈጅም። ካልሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፓኬጁን አውርዳችሁ በፍላሽ ማምጣት ነው።

ብሮድኮም የሚባለው ቺፕ ሠሪ ለብቻው ይታያል። የቆዩት ቺፖች ፋይል በሌላ ሰው እንዲከፋፈል ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ዴቢያን ፋይሉን አይዝም። የሚይዘው «ፈርምዌር-ቢ43-ኢንስቶለር» የሚባል አውራጅ ነው፤ እሱም «ኮንትሪብ» ክፍል (ራሳቸው ነጻ ሆነው ነጻ ያልሆነ ነገር የሚፈልጉ ፓኬጆች ያሉበት) ውስጥ ነው ያለው። አውራጁ የአምራቹን ዝግ ድራይቨር አውርዶ ፈርምዌሩን ከውስጡ ቆርጦ ያወጣል። ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ የስልኩ ኬብል እዚህ ግድ ነው። አንዳንድ ሰው በምትኩ «ደብልዩኤል» የሚባለውን ዝግ ድራይቨር ይመክራል። እኔ አልመክርም። ፈርምዌር ካርዱ ውስጥ ነው የሚሠራው። ዝግ ድራይቨር ግን ከርነሉ ውስጥ ገብቶ ማሽኑን ሁሉ መንካት ይችላል፤ ከርነሉ ሲታደስም የመስበር ልማድ አለው። ድራይቨሩ የግድ ካልሆነ በቀር አታስገቡት።

ችግር፦ ዴቢያንን ከ11 ወደ 12 ካሳደጋችሁ ወዲህ ፈርምዌሩ አይታደስም

ሁሉም ይሠራል፣ ግን ፋይሎቹ ድሮ ባሉበት ቆመዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፓኬጆቹ ከ«ኖን-ፍሪ» ወደ «ኖን-ፍሪ-ፈርምዌር» ሄደዋል፤ የእናንተ ምንጭ ፋይል ግን የድሮውን ክፍል ብቻ ነው የሚያውቀው። አዲሱን ስም ጨምሩ። ከድሮው ክፍል የምትጠቀሙት ሌላ ነገር ከሌለ ደግሞ አጥፉት።

ችግር፦ ጥቁር ስክሪን

የኤኤምዲ ግራፊክስ ካርዶች ድራይቨር ፈርምዌሩን ካላገኘ አይነሳም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፊደል ያሳያል፣ ከዚያ ጭልም ይላል። ወይም ይነሳል፤ ግን ምስሉ ትልልቅና ቀርፋፋ ይሆናል።

ግሩብ ሜኑ (ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚነሳውን ሥርዓት የምትመርጡበት) ላይ ስትደርሱ «ኢ» ፊደልን ተጫኑ። «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ «ኖሞድሴት» ብላችሁ ጻፉና ኤፍ10 ተጫኑ። ለአንድ ጊዜ ብቻ በተራ ምስል ይነሳላችኋል። ከዚያ «ፈርምዌር-ኤኤምዲ-ግራፊክስ» ጫኑና ሪስታርት አድርጉ። ፋይሉን በእጃችሁ ገልብጣችሁ ከሆነ ግን አንድ ሥራ ይቀራል። ግራፊክሱ ገና ዋናው ዲስክ ሳይከፈት በትንሿ መነሻ ፋይል፣ በኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ ሊነሳ ይችላል። ፋይሉ እዚያ ውስጥ ከሌለ ዲስኩ ላይ መኖሩ አይረዳም። «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚለው ትዕዛዝ ያስገባዋል። በፓኬጅ ከጫናችሁ ይህ በራሱ ይሠራል።

ችግር፦ ድምፅ የለም፣ «ደሚ አውትፑት» ብቻ ይታያል

አዳዲስ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ነው የሚበዛው። ድምፁን የሚያዘጋጅ ትንሽ ፕሮሰሰር አለ፤ እሱም ፈርምዌር ይፈልጋል። ዴቢያን ላይ ፓኬጁ «ፈርምዌር-ሶፍ-ሳይንድ» ነው፤ «ሳይንድ» የተፈረመ ማለት ነው። ጫኑት፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ድምፁ ይመጣል።

ይህ ፈርምዌር ግን የተለየ ነው። ሶርስ ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ማንበብ ይችላል። ታዲያ ለምን ዝግ ከሆኑት ጋር ተመደበ? ብዙዎቹ ለገበያ የወጡ ማሽኖች በኢንቴል ቁልፍ ካልተፈረመ ፋይል ሌላ አይቀበሉም። ኮዱን አሻሽላችሁ ራሳችሁ ብታዘጋጁት ማሽኑ እምቢ ይላል። ስለዚህ ማንበብ ይቻላል፣ ቀይሮ በራስ ዕቃ ላይ ማስኬድ ግን አይቻልም። የነጻ ሶፍትዌር ሰዎች ስለ ፊርማ ቁልፍ አጥብቀው የሚናገሩት በከንቱ አይደለም። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶችም ከጂቲኤክስ 900 ተከታታይ ጀምሮ በፊርማ የታሰሩ ናቸው፤ «ኑቮ» የሚባለው ነጻ ድራይቨር በእነሱ ላይ ለዓመታት ያነከሰበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ችግር፦ ፋይሉን ገለበጥኩ፣ ግን ከርነሉ አይጠይቀውም

ዝግ ነገር ጨርሶ ከማይዙት የሊኑክስ ሥርዓቶች፣ ከትሪስኬል፣ ከፓራቦላ ወይም ከጊክስ በአንዱ ላይ ናችሁ ማለት ነው። እነዚህ «ሊኑክስ-ሊብሬ» የሚባለውን ከርነል ይጠቀማሉ። የዝግ ፋይሎቹ ስም ራሱ ከኮዱ ተሰርዟል፤ ሎጉ ላይ በስሙ ቦታ «ዲብሎብድ» የሚል ታያላችሁ። ፋይሉን የትም ብታስቀምጡ የሚጠራው የለም።

እዚህ መፍትሄው ዕቃውን መቀየር ነው። ጥሩ ዜናው፣ ነጻ ፈርምዌር ያለው ዋይፋይ አለ። ኤአር9271 የሚባለው የአቴሮስ ዩኤስቢ ቺፕ ሙሉ ሶርስ ኮዱ ተለቋል፤ ዴቢያንም በዋናው ክፍል ይዞታል። ፍጥነቱ ዛሬ ካለው ያንሳል፣ የሚሠራውም በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባ ካርድ ከፈለጋችሁ «ኤቲኤች9ኬ» በሚባለው ድራይቨር የሚሠሩት የአቴሮስ ካርዶች ከዲስክ የሚጫን ፈርምዌር ጨርሶ አይፈልጉም።

ስትገዙ ግን የዕቃውን ስም ብቻ አትዩ። ቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብልዩኤን722ኤን የሚባለው በዚህ ምክንያት ታዋቂ ነበር። ኤአር9271 ያለበት 1ኛው ስሪት ነው። ከ2ኛው ስሪት ጀምሮ ስሙ ያው ሆኖ ውስጡ ሪልቴክ ሆኗል። የስሪት ቁጥሩ ዕቃው ጀርባ ላይ ተጽፏል፤ ሳትከፍሉ አንብቡት። ለላፕቶፕ ደግሞ አንዳንድ ባዮስ የማያውቀውን ካርድ አይቶ አልነሳም ስለሚል አስቀድማችሁ ስለ ሞዴላችሁ አጣሩ።

አንድ ነገር በሐቀኝነት መነገር አለበት። ከዲስክ ፋይል የማይጠይቅ ዕቃ ሁሉ ውስጡ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ዝግ ፈርምዌራቸውን በራሳቸው ቺፕ ላይ ተሸክመው ነው የሚመጡት። የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የዕቃ ማረጋገጫ መስፈርት በረዳት ፕሮሰሰር ውስጥ ተቀምጦ የማይታደሰውን እንደ ዕቃው አካል ያየዋል። አቋሙን አከብራለሁ። እኔ ግን ዲስኬ ላይ ያለ፣ ስሙን የማውቀውና ላጠፋው የምችለው ፋይል ከተደበቀው ይሻለኛል።

የዋናው ፕሮሰሰር ማይክሮኮድም (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ዝግ ኮድ) እዚሁ ይመደባል። ማደሻውን አለመጫን ዝግ ኮድን አያስወግድም፤ ፋብሪካው ያስቀመጠው እዚያው አለ። የሚቀርባችሁ እርማቱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ይፋ ከሆኑት የፕሮሰሰር የደህንነት ክፍተቶች፣ ከሜልትዳውንና ከስፔክተር ወዲህ እርማቱን መተው አልመክርም። «ኢንቴል-ማይክሮኮድ» ወይም «ኤኤምዲ64-ማይክሮኮድ» ጫኑ።

ችግር፦ ሁሉም ተጭኖ አሁንም አይሠራም

መጀመሪያ «አርኤፍኪል ሊስት» በሉ። «ብሎክድ፦ የስ» ካለ ነገሩ ፈርምዌር አይደለም፤ ዋይፋዩ በቁልፍ ወይም በሶፍትዌር ተዘግቷል።

-110 የሚል ካያችሁ ሪስታርት አይበቃም። ካርዱ ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥበት ስለሚቆይ ከተሰናከለበት ላይወጣ ይችላል። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ክፈቱ። ዊንዶውስ አብሮ ካለ ደግሞ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚለውን አጥፉት። ዊንዶውስ በእሱ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ካርዱን ሊኑክስ በማይፈልገው ሁኔታ ጥሎት ሊሄድ ይችላል።

ሲሠራ ደግሞ ያስገባችሁትን ቁጠሩ። ዴቢያን ላይ «ቼክ-ዲኤፍኤስጂ-ስታተስ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ማሽኑ ላይ ያሉትን ነጻ ያልሆኑ ፓኬጆች ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ላይ የእናንተ ዕቃ የማይፈልገው ካለ በ«አፕት ፐርጅ» አስወግዱት። ካርዱን በነጻው ስትቀይሩም የድሮውን ፈርምዌር በዚያው አጽዱት።